የሃይድሮጂን ዝናም፤ ስለ ሰሜን ዋልታ ብርሃንና ስለ ላርስ ቬጋርድ

በኖርዌይ አገር በስተ ሰሜን በኩል ክረምት በገባ ጊዜ ፀሐይ ለብዙ ሳምንታት ከአድማስ በላይ ብቅ አትልም። በዚያ ረጅም ሌሊት ግን ሰማዩ ባዶ ሆኖ አይቀርም፤ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን እንደ መጋረጃ ተሰቅሎ ሲወዛወዝ፥ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይታያል። እኛ በምድር ወገብ አቅራቢያ የምንኖር ሰዎች ይህን ብርሃን ከመጽሐፍና ከሥዕል በቀር አናየውም። ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ እኔም በዓይኔ አላየሁትም። ዛሬ የማወጋችሁም ስለ መጋረጃው ውበት አይደለም። ከመጋረጃው ጎን፥ ብዙ ጊዜ በምሽት ወደ ምድር ወገብ ባደላው ወገን፥ ዓይን በቀላሉ ሊለየው የማይችል ደብዛዛ ብርሃን አለ፤ ነገሬ ስለ እርሱና እርሱን ስላገኘው ሰው ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሃይድሮጂን ጥቂት ልበል። ሃይድሮጂን ከአቶሞች ሁሉ ቀላሉ ነው። በመካከሉ አንድ ፕሮቶን፥ በዙሪያው አንድ ኤሌክትሮን አለው፤ ሌላ ምንም የለውም። ኤሌክትሮኑን የተቀማ የሃይድሮጂን አቶም እንግዲህ ራቁቱን የቀረ ፕሮቶን ነው። ፀሐይ ቀንና ሌሊት ወደ ሕዋ የምትረጨው ነፋስ አብዛኛው እንዲህ ያለ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ሲሆን፥ በተለመደው ጊዜ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ፕሮቶን በኤሌክትሪክ የተሞላ ስለ ሆነ የመሬት ማግኔት ይይዘዋል፤ በአውድማ ላይ በምሰሶ እንደ ታሰረ በሬ በማግኔቱ መሥመር ዙሪያ እየተሽከረከረ ይጓዛል እንጂ እንደ ልቡ አይሄድም። ሙሉ አቶም ግን የኤሌክትሪክ ሙላቱ ተቻችሎ ባዶ ስለ ሆነ ገመድ የለበትም። ይህን ልዩነት አንባቢ ልብ ያድርግ፤ የሚከተለው ነገር ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

የዋልታውን ብርሃን ከፀሐይ ጋር አያይዞ በሥራ የፈተነው ኖርዌጂያዊው ሊቅ ክርስቲያን ቢርክላንድ ነው። በ1899 በሰሜን ኖርዌይ ሃልደ በሚባል ተራራ ጫፍ ላይ የመመልከቻ ቤት አሠራ። ነፋሱና በረዶው ቀላል አልነበረም፤ በዚያው ክረምት ከረዳቶቹ አንዱ የሆነ ወጣት በበረዶ ናዳ ሞተ። ቢርክላንድ ከተራራው ከወረደ በኋላም አላረፈም። አየር በተቀዳ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማግኔት የተደረገ ኳስ ሰቅሎ የኤሌክትሮን ጨረር ለቀቀበት፤ ጨረሩም በኳሱ ሁለት ዋልታዎች ዙሪያ እንደ ቀለበት አበራ። ትንሽ ምድር በገዛ ሣጥኑ ውስጥ ሠራ ማለት ይቻላል። በኋላም ሌላ የሰማይ ብርሃን ለመመልከት ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ሄዶ ብዙ ጊዜ ተቀመጠ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት መንገዱን ስለ ዘጋበት በሩቅ ምሥራቅ ዞሮ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል በ1917 በቶኪዮ ከተማ አረፈ። ያን ጊዜ ገና 49 ዓመቱ ነበር።

የቢርክላንድ ረዳት ከነበሩት አንዱ ላርስ ቬጋርድ ነው። በ1880 በደቡብ ኖርዌይ ቬጎርስሄይ በምትባል የገጠር ቀበሌ ተወለደ። ከአገሩ ወጥቶ በካምብሪጅ ኤሌክትሮንን ባገኘው በጆሴፍ ጆን ቶምሰን ዘንድ ተማረ፤ በ1918ም የመምህሩን የቢርክላንድን የፕሮፌሰርነት ወንበር ወረሰ። የሥራው ዋና መሣሪያ ብርሃንን ወደ ቀለማቱ የሚዘረዝር ስፔክትሮግራፍ ነበር። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር መምህራችን ሦስት ማዕዘን ያለው ብርጭቆ በመስኮት በሚገባው የፀሐይ ጨረር ላይ ይዞ በግድግዳው ላይ ቀስተ ደመና አሳይቶናል፤ መሣሪያው በመሠረቱ ይኸው ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲያበራ የራሱ የሆኑ ቀጫጭን የቀለም መሥመሮች አሉት፤ መሥመሩን ያነበበ ሰው፥ የእጅ ጽሕፈት አይቶ ጸሐፊውን እንደሚያውቅ፥ ብርሃኑ ከምን እንደ ወጣ ያውቃል።

ነገር ግን የመጋረጃው ዋነኛ ቀለም የሆነው አረንጓዴ መሥመር የማን ጽሕፈት እንደ ሆነ በዚያን ዘመን ማንም አያውቅም ነበር። ልኩ 557.7 ናኖ ሜትር ነው። ቬጋርድ አንድ አሳብ አመጣ፤ ከምድር በላይ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው አየር እጅግ ቀዝቃዛ ነው፥ ስለዚህ በዚያ ያለው ናይትሮጂን እንደ ደቃቅ በረዶ ረግቶ ይንሳፈፋል፥ የፀሐይ ጨረር ሲመታው አረንጓዴ ያበራል አለ። አሳቡን ለመፈተን በ1924 በሆላንድ ላይደን ከተማ ወዳለው፥ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ቅዝቃዜ ወደሚሠራበት ቤተ ሙከራ ሄደ። ናይትሮጂንን አርግቶ በኤሌክትሮን ቢመታው በእርግጥ አረንጓዴ ብርሃን ወጣ! ለሰፊው ዓለምም ምሥጢሩ እንደ ተፈታ አስታወቀ።

ግን አልተፈታም። ከረጋው ናይትሮጂን የወጣው ብርሃን ሰፊ ጥብጣብ ሲሆን፥ የሰማዩ ግን ቀጭን መሥመር ነበር። በ1925 በካናዳ ቶሮንቶ ጆን ማክሌናን እና ጎርደን ሽረም ኦክሲጂንን ከሂሊየም ጋር ቀላቅለው ኤሌክትሪክ ቢያሳልፉበት መሥመሩ ልክ በቦታው ላይ ወጣ። አረንጓዴው ብርሃን የተራ ኦክሲጂን አቶም ብርሃን ነበር። ከዚህም በላይ፥ ያ ከፍተኛ አየር እጅግ ሞቃት እንጂ ቀዝቃዛ እንዳልሆነ በኋላ ታወቀ። ቬጋርድ የናይትሮጂን በረዶውን በቶሎ አልተወም፤ ተከራከረ፤ ክርክሩም አልጠቀመውም።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር መናገር ይገባኛል፤ ሳልናገር ባልፍ ስለ ቬጋርድ የምጽፈው ሁሉ ሐሰት ይሆንብኛል። ወጣት መምህር ሳለሁ፥ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፥ በመጽሐፋችን ላይ ያለው የሰሜን ብርሃን ከምን የተነሣ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት አፈርሁ። «የፀሐይ ብርሃን በዋልታው በረዶ ላይ አርፎ ወደ ሰማይ ሲያንጸባርቅ ነው» አልኋት፤ እርስዋም በደብተርዋ ላይ ጻፈችው። በማግሥቱ ዓመት አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ እጄ ገባና ስሕተቴን አነበብሁ። ልጅቱ ገና በዚያው ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ በየቀኑ በግቢው ውስጥ እናያይ ነበር፤ እጅ ነሥታኝ ታልፋለች፥ እኔም መልሼ አልፋለሁ። አልነገርኋትም። ቬጋርድ የተሳሳተው ያመነውን ተናግሮ፥ ማንም ሊፈትነው እንዲችል አድርጎ በአደባባይ ጽፎ ነው፤ ማክሌናንም ሊያርመው የቻለው ስለ ተጻፈ ነው። የእኔ ስሕተት ግን የተጻፈው በአንዲት ልጅ ደብተር ላይ ነበር፤ ሊያርመው የሚችልም ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ቬጋርድ ከተረታ በኋላ ስፔክትሮግራፉን አልሰቀለም። የሰማዩን መሥመሮች በየክረምቱ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ እያነሣ፥ ልካቸውን እየመዘገበ ዓመት በዓመት ቀጠለ። ብርሃኑ ደካማ ስለ ሆነ አንዱን ሰሌዳ ለረጅም ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ለብዙ ሌሊት ከፍቶ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። በ1939 ከሰሌዳዎቹ መካከል በአንዳንዶቹ ላይ ከኦክሲጂንም ከናይትሮጂንም ያልሆኑ መሥመሮች አገኘ። ልካቸው በ656.3 እና በ486.1 ናኖ ሜትር አካባቢ ነበር። እነዚህ የሃይድሮጂን መሥመሮች ናቸው፤ ማንም የፊዚክስ ተማሪ ያውቃቸዋል። ቬጋርድን ያስደነቀው ግን መታየታቸው ብቻ ሳይሆን መጥፋታቸው ነው። አንድ ጊዜ በርትተው ይወጣሉ፥ ሌላ ጊዜ መጋረጃው እያበራ እነርሱ ፈጽሞ አይታዩም። ሃይድሮጂኑ በዚያ አየር ውስጥ ዘወትር የሚኖር ቢሆን ኖሮ ዘወትር በታየ ነበር። ስለዚህ ከውጭ ይመጣል፥ እንደ ዝናም ጥሎ ያባራል ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኔቸር በተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ጽፎ «የሃይድሮጂን ዝናም» ብሎ ሰየመው። ምንጩም ፀሐይ እንደ ሆነች ገመተ። ያን ጊዜ ዕድሜው 59 ነበር፤ ጡረታ ለወጣ ሰው ይህን ቁጥር መጻፍ ደስ ያሰኛል።

ዓለም ግን ሊያዳምጠው ጊዜ አልነበረውም። በ1940 አፕሪል ወር የጀርመን ጦር ኖርዌይን ወረረ፤ የሃይድሮጂኑም ነገር ለአሥር ዓመት ያህል ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያነሣው ጠፋ።

አሁን ዝናሙ ወደ አየር ሲገባ የሚሆነውን ነገር ልግለጽ። ከላይ የሚወርደው ፕሮቶን ነው፤ ፕሮቶን ብቻውን ደግሞ አያበራም፥ ኤሌክትሮን የለውምና። ታዲያ የሃይድሮጂን ብርሃን ከየት መጣ? በመንገድ ዳር ጋቢውን ደርቦ የቆመ ሰው አስቡ። አንድ ፈረሰኛ እየጋለበ መጥቶ ሳይቆም ጋቢውን ከትከሻው ላይ ነጥቆ ያልፋል። ፈረሰኛው ፍጥነቱ እምብዛም አልተቀነሰም፤ አሁን ግን ባለ ጋቢ ነው። የቆመው ሰው በቆመበት አለ፤ ራቁቱን ግን ቀረ። ፕሮቶኑም እንዲሁ በአየር ውስጥ ካለ አቶም አጠገብ ሲያልፍ አንድ ኤሌክትሮን ነጥቆ ፈጣን የሃይድሮጂን አቶም ይሆናል። የነጠቀውም ኤሌክትሮን በሥርዓት እስኪቀመጥ ድረስ ያበራል፤ ቬጋርድ ያየው ቀይና ሰማያዊ አረንጓዴ መሥመር ይህ ነው። ጋቢ የለበሰው ፈረሰኛ ከማግኔቱ ገመድ ስለ ተፈታ ወደ ፊቱ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ጥቂት ቆይቶ ከሌላ አቶም ጋር ሲጋጭ ጋቢው ይወድቅበታል፤ እንደገና ፕሮቶን ይሆንና ባለበት ቦታ ያለው የማግኔት መሥመር ይይዘዋል። እንዲህ እየለበሰና እየተገፈፈ ብዙ መቶ ጊዜ ይለዋወጣል፤ በእያንዳንዱ ግጭት ከጉልበቱ ጥቂት ይጎድላል፥ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይም ይደክማል። በተፈታ ቁጥር ወደ ጎን ስለሚሮጥ ብርሃኑ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ይበተናል። የኤሌክትሮኑ ብርሃን እንደ ጠበበ መጋረጃ ሲታይ የፕሮቶኑ ብርሃን እንደ ስስ ጉም የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በ1950 ኦገስት ወር፥ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ባለው የርክስ የከዋክብት መመልከቻ፥ አደን ማይነል የተባለ የ27 ዓመት ወጣት ስፔክትሮግራፉን ወደ ማግኔቱ መሥመር አቅጣጫ ሽቅብ አዞረ። ወደኛ የሚሮጥ ነገር ብርሃኑ ወደ ሐምራዊው ወገን፥ ከእኛ የሚሸሽ ደግሞ ወደ ቀዩ ወገን ይሸሻል። የጭነት መኪና ጡሩምባ እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ቀጭን፥ ሲያልፍ ወፍራም እንደሚሆን ያለ ነው። በማይነል ሰሌዳ ላይ የሃይድሮጂን መሥመር ወደ ሐምራዊው ወገን ተጎትቶ ረዝሞ ታየ፤ ፍጥነቱ ሲሰላ እስከ 3,300 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ሆነ። እንግዲህ ዝናሙ በእርግጥ ይወርዳል! የቬጋርድ ግምት በሚዛን ተመዘነና ጸና። ይህ ፍጥነት ከፀሐይ ነፋስ እጅግ የሚበልጥ ስለ ሆነ፥ ፕሮቶኖቹን የምድር የማግኔት ዛኒጋባ ራሱ እንደሚያፈጥናቸው በኋላ ዘመን ተረዱ። ቬጋርድ ይህን ሁሉ ለመስማት በሕይወት ነበር፤ የሞተው በ1963 ነው።

ነገር ግን ከሁሉ የሚያስገርመው ግጭት የሚሆነው አየሩ አልቋል በሚባልበት፥ ከዚያም በላይ ባለው ቦታ ነው። ምድር ከሌላው አየርዋ ሁሉ በላይ እጅግ የሳሳ የሃይድሮጂን ደመና ለብሳለች። በዚያ ፈረሰኛውም ሃይድሮጂን፥ ቋሚውም ሃይድሮጂን ነው። ፕሮቶን ከኦክሲጂን ኤሌክትሮን ሲነጥቅ ጥቂት የጉልበት ልዩነት አለ፤ ፕሮቶን ከሃይድሮጂን ሲነጥቅ ግን ሰጪና ተቀባይ አንድ ዓይነት ስለ ሆኑ ልውውጡ ምንም ዋጋ አይጠይቅም፤ ስለዚህም እጅግ በቀላሉ ይሆናል። ይህን ግጭት በ1958 ዋድ ፋይት እና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ሁለት ጨረሮችን በማስተላለፍ በቤተ ሙከራ ለኩት።

ወዲያውም ልኩ አንድ አሮጌ ጥያቄ ለመመለስ አገለገለ። የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሲመታ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ርቀት ላይ ፈጣን ፕሮቶኖች ምድርን እንደ ቀለበት ይከቧታል፤ ቀለበቱም የኤሌክትሪክ ጅረት ስለ ሆነ በምድር ወገብ አካባቢ ያለውን የማግኔት ኃይል ይቀንሰዋል። መቀነሱ በጥቂት ሰዓት ይሆናል፤ መመለሱ ግን ቀናት ይፈጃል። ለምን? አሌክስ ዴስለርና ዩጂን ፓርከር በ1959 እንዳሉት፥ ቀለበቱ ውስጥ የሚዞረው ፕሮቶን ከቀዝቃዛው ደመና ኤሌክትሮን እየነጠቀ ከማግኔቱ ገመድ ተፈትቶ ያመልጣል፤ በፋንታው የሚቀረው ዘገምተኛ ፕሮቶን ነው። ቀለበቱ በሌላም መንገድ ይጎድላል፥ ኦክሲጂንም ድርሻ እንዳለው በኋላ ታውቋል፤ ይሁን እንጂ ይህ መንገድ እውነተኛ መሆኑ ጸንቷል። በ2000 ኢሜጅ የተባለው ሳተላይት እነዚያን ያመለጡ አቶሞች እየለቀመ የቀለበቱን ሥዕል አንሥቷል።

እኛም ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለንም። የማግኔት ወገብ በአገራችን አጠገብ ስለሚያልፍ፥ ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲባል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ተቋቁሞ ከ1958 ጀምሮ በካናዳዊው አባ ፒየር ጉዋን መሪነት የማግኔቱን መውደቅና መነሣት ሲመዘግብ ቆይቷል። በሰሜን ዋልታ ሰማይ ሲነድ፥ በአዲስ አበባ መርፌዋ ዝቅ ትላለች። ብርሃኑን አናየውም ብዬ የጀመርሁትን እዚህ ላይ ትንሽ ላርመው።

ደመናውን ራሱን በፎቶግራፍ ያነሣው ጆርጅ ካሩተርስ ነው። በ1939፥ ቬጋርድ ዝናሙን ባገኘበት ዓመት፥ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን በአሥር ዓመቱ የገዛ ራሱን ቴሌስኮፕ ሠርቷል። ደመናው የሚያበራው ዓይን በማያየው፥ አየርም በማያሳልፈው ጨረር ስለ ሆነ ከምድር ሆኖ ማንሣት አይቻልም። ካሩተርስ በወርቅ የተለበጠ ካሜራ ሠራ፤ በ1972 የአፖሎ 16 ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ተክለው ምድርን አነሡ። ፊልሙ ተመለሰ፤ ካሜራው ግን እስከ ዛሬ በዚያው ቆሟል። በሥዕሉ ላይ ምድር በሰፊ የብርሃን ጭጋግ ተከብባ ትታያለች። በ2019 ሌሎች ሊቃውንት ያ ጭጋግ እስከ 630,000 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ አሳወቁ፤ እንግዲህ ካሜራው የተተከለው በደመናው ውስጥ ነበር፥ ካሩተርስ ግን ያን ጊዜ ሊያውቀው አልቻለም። እርሱ በ2020 አርፏል፤ በስሙ የተሰየመችው የደመናው ተመልካች መንኮራኩር በሴፕቴምበር 2025 ወደ ሕዋ ተልካለች።

ከዚህ ደመና ምድር በየሰከንዱ 3 ኪሎ ያህል ሃይድሮጂን ታጣለች። ለዚህም አብዛኛው ምክንያት ይኸው ነጠቃ ነው፤ ሞቃት ፕሮቶን ከቀዝቃዛ አቶም ኤሌክትሮን ወስዶ ፈጣን አቶም ሆኖ ለዘለዓለም ይሄዳል። ሃይድሮጂኑ የውኃ ልጅ ነው፤ ምድር ግን ባለ ብዙ ባሕር ስለ ሆነች ጉዳቱ አይሰማትም።

ማርስ እንደዚህ አይደለችም። ሰፊ የማግኔት ጋሻ የላትም፤ የፀሐይ ነፋስ አጠገብዋ ሲደርስ በዙሪያዋ ተጠምዝዞ ያልፋል። ነገር ግን የሃይድሮጂን ደመናዋ ነፋሱ ከሚጠመዘዝበት ድንበር ውጭ ስለሚዘረጋ፥ ከፕሮቶኖቹ አንዳንዶቹ ገና በውጭ ሳሉ ኤሌክትሮን ነጥቀው አቶም ይሆናሉ። ያን ጊዜ ድንበሩ አያቆማቸውም፤ ቀጥ ብለው ወደ አየርዋ ገብተው በቀን ያበራሉ። ይህን ብርሃን ሜቨን የተባለችው መንኮራኩር አይታ በ2018 ተነገረ። ብርሃኑ የሚበዛው በማርስ ደቡብ በጋ በሚሆንበትና አቧራ በሚነሣበት ወራት ነው፤ በዚያ ወራት ውኃዋ ወደ ላይ ወጥቶ ይሰባበራል፥ ደመናዋም ይወፍራል። በ2019 በቀረበው ጥናት መሠረት፥ በበጋው እኩሌታ አካባቢ በቀኑ ወገን ከተደረጉት ምልከታዎች ከመቶው ከ80 በላይ በሆኑት ላይ የፕሮቶኑ ብርሃን ታይቷል።